በቆሎ የተጫነለት ባቡር

በዚያን ጊዜ በነገሌ «ባቡር» ማለት ወፍጮ ነበር። ቃሉን ማን እንዳመጣው አላውቅም። ምናልባት የመጀመሪያው የናፍጣ ሞተር ከተማዋ ገብቶ እህል መፍጨት ሲጀምር፣ የሚያጨስና የሚጮኽ ብረት ሁሉ በአንድ ስም ተጠርቶ ቀርቶ ይሆናል። አማርኛ የሚናገረው ባቡር፣ ኦሮምኛ የሚናገረው ባቡራ ይለዋል፤ ትርጉሙ ለሁለቱም አንድ ነው። «ባቡር ቤት ውዬ መጣሁ» የምትል ሴት ከጠጉሯ እስከ ጫማዋ ዱቄት ለብሳ ነበር የምትታየው። በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ባቡር በዓይኑ ያየ የከተማው ተወላጅ ግን ያኔ አላጋጠመኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የማወጋው ነገር ሁሉ በዚህች ቃል ላይ ስለሚቆም ነው። ሌላውን በትክክል ማስታወሴን በየቦታው እጠራጠራለሁ፤ ቃሏን ግን አልጠራጠርም።

ወደ ነገሌ የሄድሁት የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ሳልጨርስ፣ ለአንድ ዓመት እንዳስተምር ተመድቤ ነው። የተነሣንበት ወር ጠፍቶብኛል። ቦሬ ላይ ብርዱ እንዳንቀጠቀጠን፣ ወደራን አልፈን ወደ ቆላው ስንወርድ ደግሞ ኮቴን አውልቄ ጉልበቴ ላይ እንዳኖርሁት፣ ኮቱም ነገሌ ሲደርስ በአቧራ ቀይ ሆኖ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ከአዲስ አበባ ስነሣ ምን ዓይነት ቀለም እንደ ነበረው ዛሬ ብጠየቅ መልስ የለኝም።

የተከራየሁት ክፍል ከጦር ሰፈሩ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ሦስት በሮች ወደ አንድ ግቢ በሚከፈቱበት ቤት ውስጥ ነበር። በአንደኛው በር የሚገባውና የሚወጣው በጦሩ ጋራዥ የሚሠራ አሥር አለቃ ነው። ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ፣ አባቱ በባቡር ጥገና ቤት የተሳፋሪ ፉርጎ አናጢ የነበረ፣ ዕድሜው ወደ ሠላሳ የሚጠጋ፣ ስለ ሥራው ሲናገር ድምፁን የማይቀንስ ሰው ነበር። የተዋወቅነው ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ ምሳዬን ስበላ ይመስለኛል።

«መምህር፣ ሰርዲን ትበላለህ?» አለኝ፣ ሰላምታም ሳይሰጠኝ።

«አንዳንድ ጊዜ።»

«ብላ። ደኅና ምግብ ነው። ስትከፍተው ግን ጠርዙን እንዳታጎብጠው፤ ጣሳውንም እንዳትጥለው። የአንደኛ ማዕረግ ጣራ ነው።»

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ክፍሉ አስገብቶ ሲያሳየኝ ግን መቀለዱ እንዳልሆነ ገባኝ።

በክፍሉ ውስጥ አንድ የሽቦ አልጋ፣ አንድ የልብስ ሣጥን፣ ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርስ ከአሮጌ ሣጥን ጣውላ የተገጣጠመ ጠባብ ጠረጴዛ ነበር። በጠረጴዛው ላይ ሐዲድ ተዘርግቷል። ሐዲዱ የዕቃ ሣጥን የሚታሰርበት ስስ ብረት ነው፤ በጠርዙ አቁሞ፣ ከግራር እንጨት በተላጉ ትንንሽ አግዳሚዎች ላይ ቸንክሮታል። በሐዲዱ ላይ አራት ፉርጎዎች ቆመዋል፤ አንደኛ ማዕረግ፣ ሦስተኛ ማዕረግ፣ የዕቃና የከብት። እያንዳንዱ ከክንድ ያጥራል። ልጅ ሆኜም፣ አድጌም፣ ከዚያ በኋላም ብዙ አሻንጉሊት ባቡር አይቻለሁ፤ ሱቅ መስኮት ውስጥ ተሰልፎ ዋጋው የሚያስደነግጠውንም ጭምር። እንደነዚያ አራቱ ያማረ ግን አላየሁም። ይህን የሚለው ወጣትነቴን የናፈቀው ልቤ ይሁን ዓይኔ፣ መለየት አልችልም።

አሥር አለቃው ደመወዙ አነስተኛ ነበር፤ ከዚያውም ላይ ለእናቱ ይልካል። ስለዚህ ለፉርጎዎቹ ምንም ነገር ላለመግዛት ከራሱ ጋር ተማምሎ ነበር። ጣራው ከሰርዲንና ከወተት ጣሳ፣ ግድግዳው ሰው ከጣለው ሣጥን፣ ማጣበቂያው ቆላው በነፃ ከሚሰጠው የግራር ሙጫ ነው። ቀይ ቀለሙን የሚያገኘው በጋራዡ የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ላይ የደረቀውን ፍቆ፣ በላምባ እያሟሟ ነበር። ብሩሹ ከፍየል ጅራት የተመረጠ ጥቂት ጠጉር በክብሪት እንጨት ላይ የታሰረበት ነው። በአንደኛ ማዕረግ ወገብ ላይ የምትዞረው የወርቅ መስመር ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የወጣች ወረቀት እንደ ሆነች ሳይነግረኝ በፊት፣ እውነተኛ ወርቅ ቀቢ ያገኘ መስሎኝ ነበር።

ከሁሉ ያስደነቀኝ መንኮራኩሩ ነው። የባቡር መንኮራኩር ከሐዲዱ እንዳይወርድ በአንድ በኩል ከንፈር እንዳለው ያሳየኝ እሱ ነው። ያቺን ከንፈር በእጅ ሞርዶ ማውጣት እንዴት ይቻላል? እሱ ግን ተሠርታ አገኛት። ከከተማው በላይ ካለው ጉብታ ዝናብ ሲጥል፣ ከጣሊያን ጦርነት ጊዜ የቀሩ የጥይት ቀለሆች ከቀዩ አፈር ውስጥ ታጥበው ይወጣሉ። የአንዳንዶቹ ቀለሆች ሥር ክብ ሆኖ ዙሪያውን ከንፈር አለው። ያንን ሥር በሰጌቶ፣ በብረት መጋዝ፣ ቆርጦ፣ በአመድና በሎሚ ወልውሎ፣ በጃንጥላ ሽቦ ላይ ሁለት ሁለቱን ሲሰካቸው፣ የተኮሳቸው ሰው ቢያይ የማያውቃቸው የነሐስ መንኮራኩሮች ይሆናሉ።

የመስኮቶቹ መስተዋት ከጦሩ ሐኪም ቤት የተጣለ የራጅ ፊልም ነበር። በሙቅ ውኃና በበረኪና አጥቦ ጥቁሩን ሲያስለቅቀው እንደ መስተዋት ይጠራል። በሦስተኛ ማዕረግ አንድ መስኮት ላይ ብቻ የጎድን አጥንት ጥላ አልለቅ ብሎ ቀርቷል።

«ይህችን ለምን አልቀየርሃትም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ አጥንቱ ቢታይ ምን ይደንቅሃል?» አለኝ።

ሲያምርለት ይኮራል፣ ሲኮራም ያምርበታል። አንድ በር ገጥሞ ሲጨርስ የእጅ ባትሪውን ፉርጎው ውስጥ አብርቶ ይከተዋል፤ በሩን ይዘጋና ክፍሉን አጨልሞ ዙሪያውን ያያል። ብርሃን እንደ ጠጉር እንኳ ሾልኮ ከታየው በሩን ነቅሎ እንደገና ይጀምራል። ሳይታየው ከቀረ ግን ግድግዳዬን እየደበደበ ይጠራኛል፤ «መምህር! ና ጨለማ እይ!» ሄጄ ጨለማውን አያለሁ፤ አደንቃለሁም። የሚደነቅ ጨለማ ነበር።

የባቡሩን ራስ ግን አልሠራም። ምክንያቱን ስጠይቀው የተሰደበ ያህል ተቆጣ። «አባቴ ራስ ሠርቶ አያውቅም። ራስ የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። እኛ የፉርጎ ቤተሰብ ነን።»

ልቡ ውስጥ ግን ፉርጎ ብቻ አልነበረም። ገበያው ጥግ ላይ ባለው ሱቅ አባቷን እየረዳች የምትሸጥ ልጅ ነበረች፤ ዝምተኛ፣ ሰው ሲያወራ ዓይኗን ከሰውየው እጅ ላይ የማታነሣ። ሊያገባት ይፈልጋል፤ እሷም እንደማትጠላው በሆነ መንገድ አውቋል። አስቸጋሪው አባትየው ነበር። የጉጂ ተወላጅ፣ እሑድ እሑድ ከእኛው ጋር ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም፣ ከብትም ጨርቅም ጨውም የሚነግድ፣ በሁለት ቋንቋ እኩል የሚከራከር ሽማግሌ ነው። ለወታደር ልጁን እንደማይሰጥ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ተናግሮ ነበር። ወታደር ይዛወራልና።

ይህን ሰው ሱቁ ውስጥ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሴቶች ከገጠር ጎርፋ ይዘውለት ይመጣሉ፤ ጎርፋ ከተክል ሥር ተፈትሎ ወተት እስኪይዝ ድረስ ተጠቅጥቆ የሚሰፋ ዕቃ ነው። እሱ ሳይፈትን አይገዛም። ውኃ ይሞላዋል፣ ክዳኑን ይገጥምና በመዳፉ ላይ ይገለብጠዋል። ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል። መዳፉ ከረጠበ ይመልሳል፤ ደረቅ ከሆነ «ባሬዳ» ይላል፤ አማረ ማለቱ ነው። በዚያ ሰዓት ደንበኛ ቢጠራው አይሰማም።

አሥር አለቃው ሽማግሌ ላከ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጡረታ የወጡ፣ ከሰሜን የመጡ፣ በነገሌ ብዙ ዓመት ኖረው ከሰላምታ በቀር ኦሮምኛ ያልለመዱ አንድ ሻምበል ባሻ ነበሩ። እኔ አብሬ አልሄድሁም፤ የምጽፈው እሳቸው ግቢያችን ተመልሰው፣ በደስታ ቆመው የነገሩንን ነው። ነገሩ እንደሚከተለው ነበር።

አባትየው «ወታደር ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ዶሎ ነው፣ ከነገ ወዲያ የት እንዳለ እሱም አያውቅም። ልጄን በጭነት መኪና ላይ አላሳድራትም» አላቸው።

«ልጃችን እኮ ወታደር ብቻ አይደለም» አሉ ሻምበል ባሻ። «ባቡር ይሠራል።»

«ባቡር?»

«ባቡር። በገዛ እጁ።»

«ከውጭ አስመጥቶ ሳይሆን? እሱው ራሱ?»

«እሱው ራሱ! ብረቱንም ጣውላውንም። አራት ጨርሷል።»

«አራት!» አባትየው ከመቀመጫው ተነሣ። «አራት ባቡር ያለው ሰው ከነገሌ የት ይሄዳል? ምነው ይህን አስቀድማችሁ ብትነግሩኝ! እሑድ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ።»

ከተማው ውስጥ ያለው ወፍጮ ያኔ አንድ ነበር ይመስለኛል፤ እሱም በየጊዜው እየተሰበረ ሴቶቹን ሰልፍ ላይ ያውላል። ይህን ሁሉ አሁን አገናኝቼ አየዋለሁ። ያን ዕለት ግን ከሻምበል ባሻ ጋር አብረን ተደሰትን። ቃሏን ያኔ አውቃት ነበር ወይስ ከዚያ እሑድ በኋላ ነው የተማርኋት? ብዙ ጊዜ ጠይቄ መልሱን አላገኘሁትም። አሥር አለቃው በበኩሉ ሰውየው ሥራውን ለማየት መጓጓቱን ሲሰማ ቅንጣት አልተገረመም። «ማን የማይጓጓ አለ?» አለ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። አባትየው ከፊት፣ እህቱ፣ የልጅቷ አክስት፣ ከኋላው፤ በመጨረሻ ልጅቷ አህያ እየነዳች። አህያው ላይ አንድ ጆንያ በቆሎ ተጭኗል። ስጦታ መስሎን ሻምበል ባሻ እጅ ነሡ።

«አካም! ናጋ?» አለ አባትየው።

«ናጋ፣ ናጋ» አልን።

ዓይኑን በግቢው ዙሪያ አንከራተተ፤ ጣራውን፣ አጥሩን፣ ጭስ የሚወጣበትን ፈለገ። «ድምፁ አይሰማም። ዛሬ አላስነሣኸውም?»

«እቤት ውስጥ ነው አባባ» አለ አሥር አለቃው። የደንብ ልብሱ ተተኩሶ እንደ ጣውላ ቆሞለታል።

«እቤት ውስጥ? ዱቄቱ አያፍንህም?»

አሥር አለቃው ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ወደ ሻምበል ባሻ። ሻምበል ባሻ ወደ በሩ መሩን፤ ገባን። ፉርጎዎቹ የአልጋ አንሶላ ተከናንበዋል። አሥር አለቃው አንሶላውን በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ገፈፈው።

እንግዶቹ ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። መጀመሪያ የተናገረችው አክስቲቱ ነበረች።

«አራቱም እነዚህ ናቸው?»

«አራቱም» አለ አሥር አለቃው በኩራት።

«እኛ ጆንያ ሙሉ በቆሎ አስጭነን መጣን! ለዚህስ አንድ ፍሬም ይበዛበታል!» ሳቋ አምልጧት ግድግዳውን ተደገፈች። «ወንድሜ፣ አህያውን እናስገባው፤ ይህን ያህል ለፍቶ ሳያይ አይመለስ!»

ያን ጊዜ ለሁላችን በአንድ ላይ በራልን። አሥር አለቃው ፊቱ አመድ መሰለ። ሻምበል ባሻ ግን እጃቸውን ዘርግተው ተከራከሩ፤ «እኔ ባቡር አልሁ፤ ይኸው ባቡር! የተሳፋሪ፣ የዕቃ…»

አባትየው አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብሎ ነበር። እኔን ሳያይ «መምህር፣ ይህ ነገር በእውነት በዓለም ላይ አለ?» አለኝ።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ድሬዳዋን አልፎ እስከ ባሕር ድረስ ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ መሆኑን ነገርሁት።

«የሚጎትተው የታለ?»

«ራሱን አልሠራሁም አባባ» አለ አሥር አለቃው በቀጭን ድምፅ። እንደዚያ ዝቅ ብሎ ሲናገር ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

«ይሄኛውስ ለምን ቀዳዳ በዛበት?»

«የከብት ነው። እንዲተነፍስ ነው።»

ሽማግሌው ትንሽ ጣቱን በርብራቡ መካከል አስገባ። «ሰፍቷል። ጥጃ እግሩን ያወጣበታል። ይሰበራል።»

«ድሬዳዋ እንዲሁ ነው የሚሠራው።»

«ድሬዳዋ ከብት አያውቁም» አለና ወደሚቀጥለው ፉርጎ አለፈ።

የሚቀጥለው አንደኛ ማዕረግ ነበር። በመስኮቶቹ ጀርባ መጋረጃ አለው፤ ጥፍር የምታህል ጨርቅ በክር ላይ ተሸብሽባ ተንጠልጥላለች። ጨርቁ ነጭ ሆኖ አረንጓዴ ቅጠል ያለበት ነበር። አሥር አለቃው ከብዙ ዓመት በኋላ ስንገናኝ ቢጫ ነበር ብሎ ሞግቶኛል፤ ምናልባት እሱ ይሆናል ልክ። አባትየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋ። ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ሆኖ ነበር።

«ይህን ጨርቅ አውቀዋለሁ። ጣቃውን ገና ለገበያ አልፈታሁትም። አንድ ክንድ እንኳ አልተሸጠም።»

አክስቲቱ ሳቋን አቆመች። የሽማግሌዎቹ ልፋት፣ የእሱም ተስፋ እዚያው ያበቃ መስሎኝ ዓይኔን ወደ መሬት ጣልሁ።

«ኢንታላ ኮ» አለ አባትየው፤ ልጄ ማለቱ ነው። ልጅቷ የበሩ መቃን አጠገብ ቆማለች። «ይህ ባቡር ምን እንደሚፈጭ ታውቂ ነበር?»

«ምንም እንደማይፈጭ አውቅ ነበር አባ።»

«ታዲያ በቆሎውን ለምን አስጫንሽኝ?»

«አንቱ እንዲመጡ ነዋ» አለች። «ሽማግሌዎቹ ባቡር ባይሉት ኖሮ መቼ ይመጡ ነበር? ካላዩት ደግሞ አያምኑም።»

ሽማግሌው ወደ ግቢው ወጣና የጆንያውን አፍ ፈታ። በእፍኙ በቆሎ ይዞ ተመለሰ። የዕቃውን ፉርጎ በር በአውራ ጣቱ ጥፍር ገፋ አደረገው፤ ያለ ድምፅ ተንሸራተተ። በቆሎውን አፈሰሰበት፣ በሩን መለሰ፤ ፉርጎውንም ከሐዲዱ አንሥቶ በግራ መዳፉ ላይ ገለበጠው። ነቀነቀው። ጆሮውን ሰጠው። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የበቆሎው መንቀርቀር ብቻ ነበር። መዳፉን ገልጦ አየ፤ አንዲት ፍሬ አልወደቀችም።

«ባሬዳ» አለ።

ፉርጎውን ወደ ሐዲዱ ሲመልሰው እያንዳንዱ መንኮራኩር ቦታውን እስኪይዝ ድረስ በጥንቃቄ ነበር። ከዚያ ወደ አሥር አለቃው ዞረ።

«ወታደር ነህ። ይልኩሃል፤ ይህን አውቃለሁ። የትም ቢልኩህ ልጄን ነፋስ በማይገባበት ቤት ታኖራታለህ?»

«አባባ፣ ብርሃን እንኳ አይገባም!»

«ኧረ ብርሃንስ ይግባላት!» አለች አክስቲቱ፤ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ሳቅን፤ ልጅቷም በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ።

«በቆሎው ይውረድ» አለ አባትየው።

«ወፍጮ የለም እኮ» አለችው እህቱ።

«እንደሌለ አይቻለሁ። ጭኜ መጥቼ ጭኜ አልመለስም። እዚሁ ይቀመጥ፤ ልጅቷ ስትመጣ ትበላዋለች።»

የእልልታው ድምፅ ከአክስቲቱ መውጣቱን አስታውሳለሁ። ሻምበል ባሻ ምን ብለው እንደ መረቁ ግን ረስቼዋለሁ፤ ረጅም እንደ ነበር ብቻ አውቃለሁ። የበቆሎውን ጆንያ ያወረድነው አሥር አለቃውና እኔ ነን፤ አህያው ጀርባው ቀልሎት ከግቢው ሲወጣ ማንም ሳይነዳው ከሁሉ ቀድሞ ሄደ።

የሠርጉ ቀን ሲደርስ በቆሎው መፈጨት ነበረበት። አሥር አለቃው የሚልከው ሰው ስላልነበረው፣ ሥራ በሌለበት አንድ ቀን ጆንያውን ራሱ ተሸክሞ የከተማው ወፍጮ ቤት ሄደ፤ ከሴቶቹም መካከል ተሰለፈ። ወሬው እርግጥ ከእሱ ቀድሞ ደርሷል። ከፊት ያለችው ዞር ብላ «አሥር አለቃ፣ አራቱም ተበላሹብህ እንዴ?» ስትለው፣ «ራስ የላቸውም እቴ፤ እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ የለኝም» ብሎ መለሰላት፤ ሰልፉ እስከ በሩ ድረስ በሳቅ ተናወጠ። ይህን በዓይኔ አይቼው ይሁን ሰዎች ነግረውኝ አሁን አልለየውም። ማታ ወደ ግቢው ሲገባ ግን ደጃፌ ላይ ነበርሁ። ቆቡም፣ ቅንድቡም፣ የትከሻው ምልክትም ነጭ ሆኖ ነበር። በኔ በኩል ሲያልፍ እንደ ከተማው ሰው ሁሉ፣ ቅንጣት ሳይስቅ፣

«መምህር፣ ባቡር ቤት ውዬ መጣሁ» አለኝ።